በውሃው ላይ የሄደው ሰው

ትናንት ለምስክርነት የተጠራ አንድ ገበሬ ዝናብ የጠጣ ጋቢውን እንደተከናነበ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። የእርጥብ ጥጥ ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው እጄ መጻፉን ትቶ ቀረ። ስሙን ጠየቅኩት፤ ነገረኝ፤ አልሰማሁትም። ደግሜ ጠየቅኩት። ሦስተኛ ስጠይቀው ሰውየው ራሱ የተከሰሰ መስሎት ዙሪያውን መቃኘት ጀመረ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት የምስክሮችን ቃል እጽፋለሁ። ሰው ራሱ ያየውን ሲናገርና ሌላ ሰው ያየውን ሲደግም ድምፁ ይለያያል። እኔ ይህን ከሩቅ እለየዋለሁ፤ ዳኞቹም እያነሡ ይቀልዱብኛል። ከየት እንደተማርኩት ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። አንቺ ጠየቅሽኝ፤ እንግዲህ ተቀመጪና ስሚኝ። መሃል ላይ ተነሥቼ ብንጎራደድ አትደነቂ፤ ይህን ነገር ሳስብ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም።

ያኔ አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ወረታ አክስቴ ቤት ተቀምጬ እማር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ግን ወደ ሜዳው፣ ወደ ወላጆቼ ቤት እመለሳለሁ። ፎገራን በበጋ ብቻ ያየ ሰው አላያትም። ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሲሞላ ሰማዩና መሬቱ አንድ መልክ ይይዛሉ፤ መንገድ የነበረው ይጠፋና ሰው በልማድ ብቻ ይሄዳል። ከብቶቻችን ዋና ያውቃሉ፤ ሩዛችንም ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚያድገው። በየማሳው ዙሪያ ውሃው እንዳያመልጥ ከፍ ተደርጎ የተደለደለ የአፈር ክትር አለ፤ ከማሳ ማሳ የምንሻገረውም በዚያው ክትር ላይ ነው።

ሩዙን ለማረም ከደጋ ሰው ይመጣል። ከእብናት፣ ከጋይንት፣ ከእስቴ ጎረምሶች ሆነው ይወርዱና አንድ ወር ያህል አጎንብሰው ያርማሉ፤ በየሰዉ ጎተራ ጥግ ይተኛሉ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ። ስማቸውን የሚጠይቅ የለም። በዚያ ዓመት የጎረቤታችንን ማሳ ያርም የነበረውን ልጅ ሁላችንም ደገኛው ነበር የምንለው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝናብ ቢሆን ፀሐይ ቢሆን ነጭ ጋቢውን ከትከሻው የማያወርድ ልጅ ነበር። እንደ ሙሽራ ተጀቡኖ ያርማል እያልን እንስቅበት ነበር። ውሃ ሊቀዳ ወደ ጉድጓዳችን ሲመጣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይለኛል፤ እኔም የከተማ ተማሪነቴ ተጭኖኝ ራሴን ብቻ ነቅነቅ አደርግለታለሁ። ፈገግ ስትዪ አየሁሽ፤ ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላችን አልነበረም።

ጎርፉ የመጣው በፍልሰታ ጾም ነው። ጠዋት ሙሉ ሲዘንብ አረፈደ። ከቀትር በኋላ ሰዉ ለቅዳሴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ሜዳው መካከል ካለች አንዲት ጉብታ ላይ ናት፤ እዚያ የቆመ ሰው ሁሉንም ያያል። ርብ ዳርቻውን ሲሰብር ምንም አልጮኸም። መጀመሪያ የሣሩ ጫፍ ተንቀሳቀሰ፤ ቀጥሎ ሣሩ ጠፋ። ጥጃችን ከጉብታው ሥር ታስሮ ስለነበር ላወጣው ወረድኩ፤ ገመዱን እስክፈታ ውሃው ወገቤ ደረሰ። አባቴና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከላይ፣ ከቅጥሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ዝናቡ መልሶ ጀመረ።

የዚያው ጎረቤታችን የአራት ዓመት ልጅ ቤት ቀርታ ነበር። እናቷ ተኝታ ስላየቻት ትታት ወጥታለች። አሁን እናቲቱ ጉብታው ላይ ሆና ደረቷን እየመታች ትጮኽ ነበር፤ አራት ሰው ነው ይዞ ያስቀራት።

ከጉብታው ላይ የነበሩት ሁሉ ያዩት ይህን ነው። ነጭ የለበሰ አንድ ሰው ከዝናቡ ውስጥ ወጥቶ በውሃው ላይ ሲሄድ አዩ። አይዋኝም፤ ቁርጭምጭሚቱ ብቻ ነው ውሃ የነካው። ሕፃኗን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዟታል። ቀጥ ብሎ እስከ ትልቁ ሾላ ሄደና ልጅቷን ቅርንጫፎቹ መካከል አስቀመጣት። ሰዉ ተንበርክኮ ቀና ሲል ነጭ የለበሰው የለም።

እኔ ያየሁት ደግሞ ይህን ነው። ደገኛው በክትሩ ላይ ይሄድ ነበር። ክትሩን ውሃ ከዋጠው ቆይቷል፤ ልጁ ግን ወር ሙሉ ስለተመላለሰበት በእግሩ ያውቀዋል። አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር በጣቶቹ ይዳስስና ቀጥሎ ሌላውን ያነሣል። ከላይ ሆኖ ላየው ግን ምንም ከሥሩ የለም። ሾላው ጋ ደርሶ ልጅቷን ካስቀመጠ በኋላ እሱም ሊወጣ ግንዱን ሲያቅፍ የቆመበት ክትር ተናደ። ጋቢው ለጥቂት ጊዜ ውሃው ላይ ተነፋ፤ ከዚያ እሱም ገባ። ከእኔ እስከ እሱ ድንጋይ ብትወረውሪ ይደርስ ነበር። አልጮኽኩም፤ ከቆምኩበትም አልተነቃነቅኩም።

ዝናቡ ሲያባራ ልጅቷን በታንኳ አወረዷት። እርጥብ ከመሆኗ በቀር ምንም አልሆነችም። ሽማግሌዎቹ ያለቅሱ ነበር፤ አባቴ ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ቄሰ ገበዙ ወዲያው የተአምር መዝገቡን አወጡ። በእኛ ዘንድ ተአምር ሲታይ ያዩት ሰዎች ቃል ሳይበርድ እዚያው ደጀ ሰላም ላይ ይጻፋል። አጻጻፉ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ በዕድሜ የሚበልጠው ይናገራል፤ ቃሉ ይጻፍና ለሁሉም ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ይጠየቃል። የሚቀጥለውም "እንደ እሳቸው" ይላል። ሌላ እንዳይል የከለከለው የለም፤ ግን ታላቅ ሰው በተናገረው ላይ መጨመርም ሆነ ከእሱ መቀነስ በአደባባይ ዋሹ እንደማለት ስለሚቆጠር ማንም አይደፍረውም። መዝገቡን ብትገልጪው አስር ምስክር ያለው ተአምር አስር ጊዜ ያው ነው። ሰዉም ይህን አይቶ ምን ያህል የተረጋገጠ ነገር ነው ይላል።

የዚያን ቀን በዕድሜ የሚበልጠው አባቴ ነበር። አባቴ አልዋሸም፤ ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። ዐይኑን ሞራ ጀምሮት ነበር፤ ከብቶቹን እንኳ የሚለያቸው በአረማመዳቸው ነው። ነጭ ነገር አየ፤ በውሃው ላይ ሲሄድ አየ፤ ሕፃኗን ሲያድናት አየ። ቤተ ክርስቲያናችን በስሙ የተሠራለትን መልአክ አየሁ አለ። ሌሎቹ የተሻለ ዐይን ነበራቸው፤ ግን እሱ ከተናገረና ከተነበበ በኋላ እነሱም ያዩት መልአኩን ሆነ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ቄሰ ገበዙ ብዕራቸውን ይዘው ቀና አሉ።

"አንችስ ምን አየሽ? አንች ቅርብ ነበርሽ አሉ።"

አባቴ ፊቱ በርቶ ያየኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

"እንደ አባቴ" አልኩ። ጣቴን ቀለም ነክረው አተሙልኝ።

ለምን እንዳልኩ ብዙ ምክንያት ሰጥቼ አውቃለሁ። አባቴን ላለማሳፈር ነው። ሰዉ በዚያ ሁሉ ደስታ መሃል እያለ ሬሳ ላለማምጣት ነው። እውነተኛው ግን ሌላ ነው፤ ደገኛው ሰጠመ ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "አንችስ ምን አደረግሽ?" የሚል ነው። መልአክ ከሆነ ማንም አልሰጠመም፤ እኔንም የሚጠይቀኝ የለም። በማግስቱ አንድ ሰው ያ ደገኛ የት ገባ ብሎ ነበር። ውሃውን ፈርቶ ሄዷል ተባለ፤ በዚያው ተረሳ። የቀን ሠራተኛ ሲጠፋ ሄደ ነው የሚባለው።

ትምህርት ሲከፈት ወረታ ተመለስኩ። ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ፤ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። አክስቴ ሐኪም ቤት ብትወስደኝ ወባ ናት ብለው መድኃኒት ሰጡኝ። ዋጥኩት፤ ምንም አልለወጠም።

በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩን ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ የታሪክ መምህር ነበሩ። ገና ሠላሳ ያልሞላቸው፣ ጥያቄ የማይፈሩ ሰው ነበሩ። አንድ እሑድ አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ተአምር አየን ያሉትን በምን እናምናለን፣ ቢዋሹስ፣ ቢሳሳቱስ ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ አጉረመረመ። መምህሩ ግን ደስ ብሏቸው ጠመኔ አነሡ። ምስክር ምን ያህል ቅርብ ነበር፣ መቼ ተናገረ፣ በመናገሩ ምን አገኘ፣ ምንስ አጣ ብላችሁ መዝኑት አሉን። ወንጌላውያኑ የጻፉት ነገሩ በአፍ ሲነገር ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም አሉ። ስለ ባዶው መቃብር ሲናገሩ አንዱ ጋ መልአኩ አንድ ነው፣ ሌላው ጋ ሁለት ናቸው፤ የሄዱት ሴቶች ቁጥርም አይገጥምም። ጠያቂው ልጅ ታዲያ እንዴት እንመን አላቸው። እሳቸው ግን ነገሩን የሚያዩት ከሌላ ወገን ነበር። ተማክረው ቢሆን ይህን ያስተካክሉት ነበር አሉ፤ እሳቸውን የሚያሠጋቸው ቃል በቃል አንድ ዓይነት የሚናገር ምስክር ነው። ደግሞ የማምነው መዝኜ ስለጨረስኩ ብቻ አይደለም ብለው ሳቁ።

ይህን ጊዜ አንዲት የሰፈሬ ልጅ እኛ ዘንድ የዐይን ምስክር አለችን ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ተነሥቼ ተናገርኩ፤ ነጭ እንደለበሰ፣ በውሃው ላይ እንደሄደ፣ እንደተሰወረ። የሚገርምሽ፣ ስናገር ደገኛው ከዐይኔ እየጠፋ መልአኩ ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር። ክንፍ ልጨምርለት ምንም አልቀረኝም። ልጆቹ እልል አሉ።

መምህሩ እልል አላሉም። ስንወጣ አስቀርተው ምን ያህል ቅርብ እንደነበርኩ ጠየቁኝ። ከአባቴ ይልቅ ቅርብ እንደነበርኩ ነገርኳቸው። ታዲያ ለምን አባትሽ ያዩትን ብቻ ነገርሽን አሉኝ። ጠመኔውን ከእጃቸው እያራገፉ ቀጠሉ።

"እነዚያ ሴቶች ከመቃብሩ ተመልሰው የተናገሩትን ማንም ሊሰማው አልፈለገም። ይቀባጥራሉ ነው የተባሉት። እኔ የማምናቸው አንዱ ለዚህ ነው። አንቺ ዛሬ የነገርሽን ግን ሁላችንም ልንሰማው የምንፈልገውን ነው።"

በጣም ጠላኋቸው። ለሁለት እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳልሄድ ቀረሁ።

በኅዳር የሩዝ አጨዳ ሲጀመር ቅዳሜና እሑድ ልረዳ ቤት ሄድኩ። በዚያ ቅዳሜ አንዲት አሮጊት ደጃችን ላይ ቆመው አገኘናቸው። ከእብናት ማዶ ካለ ቀበሌ የመጡ ነበሩ፤ ይፋግ ገበያ ላይ ሁለት ቀን ሲጠይቁ ውለው አድረው ነው እኛ ጋ የደረሱት። ልጃቸው ለአረም ወርዶ አልተመለሰም። አባቴ አስገባቸው፤ እግራቸው ታጠበ፤ ምግብ ቀረበላቸው። ያጽናናቸው መስሎት የመልአኩን ተአምር ነገራቸው። አሮጊቷ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ሕፃኗ አመሰገኑ። ከዚያ ስለ ልጃቸው ተናገሩ።

"ሞተ ብዬ እንዳላለቅስ ያየ የለም። አለ ብዬ እንዳልጠብቅ ሦስት ወር አለፈ። የነፍስ አባቴ ሞቱን ያየ ሰው ሳይኖር ፍታት አይፈታም አሉኝ። አንድ ያየ ሰው ብቻ ነው የምፈልግ፣ ሌላ አልፈልግ።"

ፍታት ካልተፈታለት ተዝካር የለውም፤ ስሙ በጸሎት አይነሣም፤ እናቱም ከል አትለብስም። አባቴ አይዞዎት፣ ሥራ ፍለጋ መተማ ወርዶ ይሆናል፣ ይመጣል አላቸው። ለደግ ብሎ ነው። እኔ የውሃ ጣሳ ይዤ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የመልአኩ ዓመታዊ ክብረ በዓል ነበር፤ የአባቴ ቃል በሕዝብ ፊት ሊነበብ ተዘጋጅቷል፤ አባቴም ለዚያ ቀን አዲስ ነጠላ አሠርቷል። ብናገር የማፈርሰው ይህን ሁሉ ነው። ዝም ብል ደግሞ እኚህ ሴት በዚያው ጥያቄ ወደ ሌላ ደጅ ይሄዳሉ፤ የትም ደጅ መልሱ የለም።

"እኔ አይቻለሁ" አልኩ።

አባቴ እያለ ሁሉንም ነገርኳቸው። ክትሩን፣ ሕፃኗን፣ ሾላውን፣ አፈሩ ሲናድ። ድምፄ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ ነበር። አሮጊቷ ሳይንቀሳቀሱ ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የእኔ ልጅ ውሃ ይፈራል። ዋና አያውቅም። ሌላ ሰው ነው ያየሽው።"

አስቢው፤ ለሦስት ወር ያፈንኩትን አውጥቼ ስናገር አላመኑኝም። እንድሳሳት ፈልገው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ምልክቱን ጠየቁኝ። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው አልኳቸው፤ ይህ የብዙ ሰው መልክ ነው። ጋቢውን ፀሐይ ላይ እንኳ አያወርድም ነበር ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። ልጅ ሳለ ሳንባውን ታሞ ስለነበር ብርድ አይችልም አሉ። ጋቢውን ፈትለው የሰጡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። ያንን ጋቢ እያየን እንስቅ እንደነበር አልነገርኳቸውም።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ "እስካሁን የት ነበርሽ?" አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ዱላውን ይዞ ቄሰ ገበዙ ፊት ቀረበ። ዐይኔ ደካማ ነው፤ ያየሁት ነጭ ነገር ነው፤ መልአክ ያልኩት እኔ ነኝ አለ። በመዝገቡ ታሪክ የሰጠውን ቃል መልሶ ያነሣ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ ለአባቴ ሰላምታ መስጠት አቆሙ፤ ቃላቸውንም አላነሡም። እስከ ዛሬ መልአክ ነው የሚሉ አሉ። ቄሰ ገበዙ ግን ሌሎቹን አስወጥተው ለብቻዬ ጠየቁኝ፤ የጻፉትንም ለማንም ጮክ ብለው አላነበቡም። መልአኩ በሰው እጅም ይሠራል፤ ይህንን ብንጽፍ አይቆጣንም አሉኝ። የሕፃኗ እናት ልጇን አዝላ ስትመጣ አሮጊቷ የልጅቷን ሁለት እግር ይዘው አልለቅ አሉ። በዚያው ሳምንት የክርስትና ስሙ ተጠርቶ ፍታት ተፈታለት። ሬሳ ስላልነበረ በሳጥኑ ፋንታ ባዶ አልጋ ነው ያኖሩለት፤ እኔም ለማየት የቻልኩት የአልጋውን እግር ብቻ ነው።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ወረታ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ጠዋት ነበር፤ ፀሐዩ ገና አልጠነከረም። ረዳቱ ሰው እየጠራ ይጮኻል፤ እሳቸው ግን እጄን ይዘው አልገቡም። ሰዉ መልአክ ነው ማለቱ አልከፋኝም አሉኝ። ከዚያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብለው ጠጋ አሉ።

"ውሃው ሲወስደው፣ ተጣርቶ ነበር?"

"አልተጣራም እናቴ።"

"ተመስገን" አሉ። "እንኳን አልፈራ።" ጉንጬን ሳሙኝና ገቡ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሰው እጁን አንሥቶ ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ ብሎ ሲምል እጽፋለሁ። የእኔ ቃል እስካሁን እንደጎደለ ነው። እሳቸው ሞተዋል፤ አሁን የሚሰማኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ልጁ ተጣርቶ ነበር፤ ሁለት ጊዜ፣ ዝናቡን አልፎ ጥርት ብሎ ሰምቼዋለሁ። እግዚአብሔርን አልጠራም፤ እናቱንም አልጠራም። የጠራው እኔን ነው፤ በስሜ። ስሜን እንደሚያውቅ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላውቅም ነበር።